የቆየ ኮምፒውተርን በአዲስ ፕሮሰሰር ማንቃት፦ ከባዮስ እስከ ኦቨርክሎክ

ቤታችሁ ያለው የራይዘን (የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር) ዴስክቶፕ መንቀራፈፍ ከጀመረ ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ክዳኑን ክፈቱት። ምናልባት መቀየር ያለበት አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ኤኤምዲ ኤኤም4 የሚባለውን ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበትን መሰኪያ) ከመጀመሪያው ራይዘን ጀምሮ እስከ 5000ዎቹ ድረስ ይዞት ቆይቷል። የመጀመሪያው ራይዘን የወጣው በ2017 ነው (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። በ2022 የወጣው ራይዘን 5 5600 ደግሞ እዚያው ባለ 1331 ቀዳዳ ሶኬት ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የሚሄደው በአንድ ምሳሌ ነው፦ ራይዘን 5 1600 ወይም 2600 ያለውን ኮምፒውተር ወደ 5600 ማሳደግ፣ ካስፈለገ ማዘርቦርዱን መቀየር፣ ከዚያ ኦቨርክሎክ (ፕሮሰሰሩን ከፋብሪካው ልክ በላይ ማስሮጥ)። የኢንቴል ተጠቃሚዎችንም መንገድ ላይ አነሳችኋለሁ።

ለምን ኦቨርክሎክ መጨረሻ ላይ?

ድሮ ኦቨርክሎክ ትልቅ ነገር ነበር። በ1998 የወጣውን የኢንቴል ሴሌሮን 300ኤ ፕሮሰሰር የሲስተም ባሱን (ከሌላው ዕቃ ጋር የሚገናኝበትን መስመር) ፍጥነት ከ66 ወደ 100 ሜጋኸርዝ ከፍ በማድረግ ብቻ ብዙዎች 450 ሜጋኸርዝ ያስሮጡት ነበር። ግማሽ ያህል ፍጥነት በነፃ ማለት ነው! ዛሬ ግን ፋብሪካው ራሱ ፕሮሰሰሩን ጨምቆ ነው የሚልከው። ሙቀቱና ኤሌክትሪኩ እስከፈቀደ ድረስ ያለእናንተ እርዳታ ፍጥነቱን ይጨምራል። ለእናንተ የሚተርፈው ጥቂት በመቶ ነው።

ፕሮሰሰሩን መቀየር ግን ሌላ ታሪክ ነው። 2600 ስድስት ኮር (ራሱን ችሎ የሚያሰላ የፕሮሰሰር ክፍል) አለው፤ 5600ም ስድስት ኮር አለው። በወረቀት ላይ መንታ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ይለያያል። በ2600 ኮሮቹ ሦስት ሦስት ሆነው ለሁለት ተከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ 8 ሜጋባይት ካሽ (በጣም ፈጣን ጊዜያዊ ማከማቻ) አለው። አንዱ ቡድን ከሌላው መረጃ ሲፈልግ ዞሮ መሄድ አለበት። በ5600 ስድስቱም በአንድ 32 ሜጋባይት ካሽ ይጋራሉ። ጌም ላይ ልዩነቱ ወዲያው የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው። ሌላም አለ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ በጥቅምት 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ የመጀመሪያውን ትውልድ ራይዘን በይፋ አይቀበልም፤ 5600ን ይቀበላል።

መጀመሪያ ያላችሁን እወቁ

ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑና ክፈቱት። ከመጀመሪያው ገጽ የፕሮሰሰሩን ስም፣ “ሜይንቦርድ” ከሚለው ገጽ የማዘርቦርዱን ሞዴልና የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሳውን፣ ቦርዱ ላይ ያለውን ፕሮግራም) ቁጥር ጻፉ። ከዚያ የማዘርቦርዱ አምራች ድረ ገጽ ላይ ገብታችሁ ለዚያ ሞዴል የሚሠሩ ፕሮሰሰሮችን ዝርዝር ፈልጉ። ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ጎን “ከዚህ ባዮስ ጀምሮ” የሚል ቁጥር አለ። የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፉ ያ ቁጥር ነው። ሻጩ “ይሠራል” ስላለ ብቻ አትግዙ።

ኢንቴል ከሆነ ጥንቃቄው ይበዛል። ኤልጂኤ 1151 የሚባለው ሶኬት ስሙ አንድ ቢሆንም የ6ኛና 7ኛ ትውልድ ማዘርቦርድ የ8ኛና 9ኛውን ፕሮሰሰር አያስነሳም። ኤልጂኤ 1700 ላይ 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ይገባሉ፤ ግን ከእነዚህ ማዘርቦርዶች አንዳንዱ ዲዲአር4 ራም ብቻ፣ ሌላው ዲዲአር5 ብቻ ነው የሚቀበለው። በኢንቴል ኦቨርክሎክ ለማድረግ በአጠቃላይ በስሙ መጨረሻ “ኬ” ያለው ፕሮሰሰርና “ዜድ” ቺፕሴት (የማዘርቦርዱ መቆጣጠሪያ ቺፕ) ያለው ማዘርቦርድ ያስፈልጋል። የ13ኛና 14ኛ ትውልድ ትላልቅ ፕሮሰሰሮች ደግሞ ከመጠን ያለፈ ቮልቴጅ እየወሰዱ የመበላሸት ችግር ነበረባቸው። ኢንቴል ማስተካከያውን ከነሐሴ 2024 ጀምሮ በባዮስ በኩል አውጥቷል። እንደዚህ ያለ ፕሮሰሰር የገዛ ሰው ኦቨርክሎክን ትቶ መጀመሪያ ባዮሱን ያድስ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ቤትና ቢሮ የሚገኙት ያገለገሉ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ዴስክቶፖች ናቸው። በእነዚህ ላይ ብዙ አትድከሙ። የብዙዎቹ ማዘርቦርድ ቅርጽና የፓወር ሰፕላይ መሰኪያቸው የራሳቸው ነው። ባዮሳቸው ኦቨርክሎክ አይፈቅድም። በዝርዝራቸው ውስጥ ያለውን ከፍተኛ ፕሮሰሰር፣ ተጨማሪ ራምና ኤስኤስዲ አስገብቶ መተው ይሻላል።

ማዘርቦርዱ ይቀየር ወይስ ይቅር?

ቢ450 ወይም ኤክስ470 ቺፕሴት ያለው ቦርድ ካላችሁ ይቅር። ባዮስ ታድሶለት 5600ን ያለ ችግር ይሸከማል፤ ኦቨርክሎክም ይፈቅዳል። ቢ350ና ኤክስ370ም ከ2022 ወዲህ በወጡ ባዮሶች ብዙዎቹ 5000ዎቹን ይቀበላሉ። ኤ320 ፕሮሰሰሩን ሊቀበል ይችላል፤ ኦቨርክሎክ ግን የለውም። ኤ520ም እንደዚያው።

ከስሙ በላይ መታየት ያለበት ከፕሮሰሰሩ ሶኬት በግራና ከላይ በኩል የተደረደሩት ትናንሽ ጥቁር አራት ማዕዘኖች ናቸው። ከፓወር ሰፕላይ የመጣውን 12 ቮልት ፕሮሰሰሩ ወደሚፈልገው አንድ ቮልት ገደማ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። በላያቸው የብረት ማቀዝቀዣ ካላቸው ጥሩ። ራቁታቸውን ከሆኑ ለ5600 ይበቃሉ፤ ምክንያቱም 5600 በፋብሪካው ልክ ከ76 ዋት አያልፍም። ባለ 12 ኮሩን 5900ኤክስ ራቁት ቦርድ ላይ መጫን ግን ቦርዱን ማሰቃየት ነው።

አዲስ ከገዛችሁ ቢ550 ምረጡ። ያላችሁን ዲዲአር4 ራም ይቀበላል። ቢ550 ግን 1600ንና 2600ን በይፋ አይደግፍም፤ ስለዚህ ቦርዱንና ፕሮሰሰሩን አንድ ላይ ነው መቀየር ያለባችሁ። በ2022 የመጣው ኤኤም5 ዲዲአር5 ብቻ ስለሚቀበል ቦርድ፣ ፕሮሰሰርና ራም ሦስቱንም ማስገዛቱ ነው። ብር ካለ ጥሩ ነው፤ ከሌለ አያስቆጭም።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ 5600 የራሱ ግራፊክስ የለውም። ለብቻው የተሰካ ግራፊክስ ካርድ ከሌላችሁ 5600ጂ የሚለውን ነው የምትፈልጉት።

ፓወር ሰፕላዩንም እዩት። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ከሆነ ጀርባውን ገልብጡ። አንዳንዱ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለው። የኛ መብራት 220 ቮልት ነው። ማብሪያው 115 ላይ ሆኖ ከተሰካ ጧ ብሎ ይቃጠላል። “100-240” ተብሎ ከተጻፈበት ግን ራሱ ይለያል፣ አትስጉ።

ባዮሱን ማደስ

ይህ የሚሠራው የድሮው ፕሮሰሰር ከመነቀሉ በፊት ነው። ብዙ ሰው ፕሮሰሰሩን ቀይሮ “ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ዕቃው የተበላሸ ነው” ብሎ ሻጩ ጋ ይመለሳል። ዕቃው ደህና ነው፤ ባዮሱ ነው የማያውቀው።

ከአምራቹ ገጽ ለቦርዳችሁ ትክክለኛ ሞዴል የወጣውን ባዮስ አውርዱ። “ቪ2” ወይም “ፕሮ” የሚል ቅጥያ ካለ እሱም መመሳሰል አለበት። ፍላሽ ዲስኩን በፋት32 ፎርማት አድርጉና ፋይሉን አስገቡ። ኮምፒውተሩን አስነስታችሁ ኪቦርዱ ላይ “ዴል” (ዲሊት) የሚለውን ቁልፍ ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ባዮስ ይከፈታል። ጊጋባይት ላይ ኪው-ፍላሽ፣ ኤምኤስአይ ላይ ኤም-ፍላሽ፣ አሱስ ላይ ኢዚ ፍላሽ፣ አዝሮክ ላይ ኢንስታንት ፍላሽ የሚለውን ግቡና ፋይሉን ምረጡ።

መብራት ሊጠፋ የሚችልበት ሰዓት ላይ አትሞክሩት። ዩፒኤስ ካላችሁ ሰክታችሁ ሥሩ፤ ከሌላችሁ ከጎረቤት ተዋሱ። እድሳቱ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ ግን መሀል ላይ መብራት ከሄደ ቦርዱ ሊሞት ይችላል። ጀርባው ላይ “ፍላሽባክ” የሚል ወይም ተመሳሳይ ቁልፍ ያለው ቦርድ ብቻ ነው ያለ ፕሮሰሰርም ባዮስ መጫን የሚችለው። ስትገዙ ያ ቁልፍ ቢኖረው ጥሩ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ሌላ አንድ ነገር። ዊንዶውስ ላይ ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው መሣሪያ) ከበራ የመክፈቻ ቁጥሩን ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ አውጥታችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ፤ ወይም ለጊዜው አጥፉት። ፕሮሰሰሩ ሲቀየር በውስጡ ያለው የደህንነት ቁልፍ አብሮ ስለሚቀየር ዊንዶውስ ቁጥሩን ይጠይቃል። ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉም የለም።

መፍታትና መግጠም

1. ኮምፒውተሩን ከባድ ሥራ አሠሩትና ትንሽ ይሙቅ። ከዚያ አጥፉ፣ ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ውስጡ የቀረውን ኤሌክትሪክ አውጡ። ቀለም ያልተቀባ የኬዝ ብረት ንኩ።

2. የፋኑን ሽቦ ንቀሉና የኩለሩን (የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ) ብሎኖች በካቻቢቴ በመስቀልኛ ተራ በተራ አላሉ።

3. እዚህ ላይ ቀስ። ኩለሩን ወደ ላይ አትሳቡት። ኤኤም4 ላይ ፒኖቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ሆድ ላይ ነው፤ ሶኬቱም አጥብቆ አይዘውም። የደረቀ ፔስት (በሁለቱ መሀል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ኩለሩንና ፕሮሰሰሩን አጣብቋቸው ከሆነ ሁለቱ አብረው ይወጣሉ፣ ፒንም ይታጠፋል። ኩለሩን ይዛችሁ ወደ ግራና ወደ ቀኝ አሽከርክሩት። ለስለስ ሲል ይሰማችኋል። ያኔ አንሱት። ያሞቅነውም ለዚህ ነው። አብሮ ከወጣ ቢላ አታስገቡ፤ በፀጉር ማድረቂያ አሙቁትና አሽከርክሩት።

4. ከሶኬቱ ጎን ያለችውን ቀጭን ዘንግ ወደ ላይ አንሱ። አሮጌውን ፕሮሰሰር በጠርዙ ይዛችሁ አውጡ። አዲሱ ላይ በአንዱ ማዕዘን ትንሽ ወርቃማ ሦስት ማዕዘን አለች፤ ሶኬቱም ላይ ተመሳሳይ ምልክት አለ። አግጥማችሁ ልቀቁት። በራሱ ክብደት ቁጭ ማለት አለበት። መጫን ካስፈለጋችሁ አንድ ነገር ተሳስቷል፤ አንሱና እዩ። ሲቀመጥ ዘንጓን መልሱ። የታጠፈ ፒን ካለ እርሳሷ የወጣ የመካኒካል እስክርቢቶ ጫፍ ውስጥ አስገብታችሁ በቀስታ አቅኑት።

5. ከ5600 ጋር በካርቶን የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ ኩለር ሆዱ ላይ ፔስት ተቀብቶ ነው የሚመጣው፤ ሌላ አትጨምሩ። የድሮውን ኩለር የምትጠቀሙ ከሆነ አሮጌውን ፔስት በሶፍትና በአልኮል ጥረጉ፣ ይድረቅ፣ መሀሉ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል አዲስ ፔስት ጣል አድርጉ። በጣት አትቀቡት፤ ኩለሩ ሲጫነው ራሱ ይዘረጋል።

6. ሬይዝ ስቴልዝ በብሎን ነው የሚያዘው። ማዘርቦርዱ ላይ ሁለት የፕላስቲክ መያዣዎች ካሉ ፈትታችሁ አውጧቸው፤ ከጀርባ ያለው ብረት እንዳይወድቅ በእጃችሁ ያዙት። አራቱን ብሎኖች በመስቀልኛ፣ ትንሽ ትንሽ እያላችሁ አጥብቁ። አንዱን ሙሉ በሙሉ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ። የፋኑን ሽቦ “ሲፒዩ ፋን” በሚለው ላይ ሰኩ።

ስታበሩት መጀመሪያ ጥቂት ጊዜ ጥቁር ስክሪን ሊቆይ ይችላል፤ ራሙን እየተለማመደ ነው። ከዚያ “አዲስ ፕሮሰሰር ተገኝቷል” የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጥቶ “ዋይ” ወይም “ኤን” ተጫኑ ሊላችሁ ይችላል። የቢትሎከሩን ነገር ጨርሳችሁ ከሆነ “ዋይ” በሉት።

ማዘርቦርዱም ከተቀየረ፣ ሦስት ቦታ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከቦርዱ ሥር የሚገቡት የነሐስ እግሮች ከቦርዱ ቀዳዳዎች ጋር አንድ በአንድ መግጠም አለባቸው። ትርፍ እግር ከቀረ የቦርዱን ጀርባ ነክቶ ሾርት ያደርጋል። ሁለተኛ፣ የፕሮሰሰሩ ባለ 8 ፒን መሰኪያና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ፒን መሰኪያ ይመሳሰላሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ለሁለት የሚከፈለው አራትና አራት የፕሮሰሰሩ ነው፤ ስድስትና ሁለት የሆነው የግራፊክስ ነው። ሦስተኛ፣ የማብሪያና የመብራት ትናንሽ ሽቦዎችን ከመንቀላችሁ በፊት በሞባይል ፎቶ አንሱ። የዊንዶውስ ፈቃድም ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ቀድማችሁ ከማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ጋር አገናኙት።

ራሙን አትርሱ

3200 ተብሎ የተሸጠ ራም ዝም ብሎ ሲሰካ ብዙ ጊዜ በ2133 ወይም በ2400 ነው የሚሮጠው። ዓመታት በዚህ ፍጥነት የሠራ ኮምፒውተር ሞልቷል። ራሙን በተሸጠበት ፍጥነት ለማስሮጥ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ (አሱስ ላይ ዲኦሲፒ) የሚለውን አብሩ። ሁለት ራም ካላችሁ ከፕሮሰሰሩ ስትቆጥሩ ሁለተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ ይግቡ። ለራይዘን 5000 ባለ 3600 ራም ተመራጭ ነው፤ የራሙ እውነተኛ ክሎክ 1800 (የ3600 ግማሽ) ከፕሮሰሰሩ ውስጣዊ መገናኛ ጋር እኩል ስለሚሄድ። ከዚያ በላይ መግዛት በዚህ ሶኬት ላይ ብር መበተን ነው። ካበራችሁ በኋላ ሜምቴስት86 የሚባለውን የራም መፈተሻ ሌሊት አሠሩት። አንድ ስህተት እንኳ ካሳየ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጉ። ራሙ ሳይረጋጋ ወደሚቀጥለው አትለፉ፤ ኋላ ችግሩ የማን እንደሆነ መለየት ያቅታል።

አሁን ኦቨርክሎክ

መጀመሪያ መነሻችሁን ለኩ። የፕሮሰሰር ፍጥነት መለኪያውን ሲኔቤንች አር23ን ለ10 ደቂቃ አሠሩ፤ ጎን ለጎን ሙቀትና ዋት የሚያሳየውን ኤችደብሊውኢንፎን ክፈቱ። ውጤቱን፣ ከፍተኛውን ሙቀትና ዋቱን ጻፉ። 5600 የሙቀት ጣሪያው 90 ዲግሪ ነው። ምንም ሳትነኩ ከ85 ካለፈ ኦቨርክሎክ አታስቡ፤ ኩለር ግዙ ወይም አቧራውን ጥረጉ።

አዲስ አበባ ላይ ሌላ ነገር አለ። ከተማው ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ቅዝቃዜው ቢያካክስም ከውጭ አገር ቪዲዮ ላይ ያያችሁትን ሙቀት እንዳለ አትጠብቁ። ድሬዳዋ ወይም ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ሙቀቱን ከሌላ ወገን ታገኙታላችሁ።

በራይዘን 5000 ላይ የምመክረው መንገድ ከስሙ ተቃራኒ ይመስላል፦ ቮልቴጅ መጨመር ሳይሆን መቀነስ። ፕሮሰሰሩ የሚቆመው ሙቀቱና ዋቱ ሲደርስበት ስለሆነ፣ በትንሽ ቮልቴጅ ካሠራችሁት የተረፈውን ቦታ ወደ ፍጥነት ይቀይረዋል።

ባዮስ ውስጥ “አድቫንስድ”፣ ከዚያ “ኤኤምዲ ኦቨርክሎኪንግ” ግቡ፤ ማስጠንቀቂያውን አንብባችሁ ተቀበሉ። ማስጠንቀቂያው ከምር ነው፤ ከፋብሪካው ልክ በላይ ማሠራት ዋስትናን ያሳጣል። “ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭ”ን “አድቫንስድ” አድርጉ። የዋቱን ልክ ለጊዜው አትንኩ። “ከርቭ ኦፕቲማይዘር” ውስጥ “ኦል ኮርስ”፣ “ኔጌቲቭ”፣ 10 ብላችሁ አስቀምጡ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ይቀንሳል። ርካሽ ቦርዶች ላይ ይህ ምርጫ ላይኖር ይችላል።

ሲኔቤንችን መልሳችሁ አሠሩ። ሙቀቱ ወርዶ ውጤቱ ከፍ ካለ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 ሂዱ። ጣሪያው 30 ነው፤ ሁሉም ፕሮሰሰር ግን እዚያ አይደርስም። ከተረጋጋ በኋላ “ማክስ ሲፒዩ ቡስት ክሎክ ኦቨርራይድ” ላይ 100፣ ቀጥሎ 200 ሜጋኸርዝ ሞክሩ። ጥሩ ኩለርና ጠንካራ ቦርድ ካለ የዋቱን ልክ ከ76 ከፍ ማድረግ ይቻላል።

ሁሉንም ኮር በአንድ ቁጥር የማሰሩን የድሮ ዘዴ፣ ማለትም 46 ጊዜ 100 ብሎ 4.6 ጊጋኸርዝ መጻፉን፣ ለ5600 አልወደውም። ሥራ በሌለበትም ቮልቴጁ ከፍ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። የግድ ካላችሁ ከ1.3 ቮልት አትለፉ። 5800ኤክስ3ዲ የገዛችሁ ደግሞ በዚህ አትድከሙ፤ ማባዣው የተቆለፈ ነው።

ፈተናው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ቮልቴጅ የተቀነሰበት ፕሮሰሰር በከባድ ሥራ ላይ ምንም ላይሆን ይችላል። የሚወድቀው ቀለል ባለ ሥራ ላይ፣ አንድ ኮር ለብቻው ወደ ጣሪያው ሲወጣ ነው። ዩቲዩብ እያያችሁ ወይም ምንም ሳትነኩት ድንገት ሪስታርት ካደረገ ምልክቱ ይኼ ነው። ኮርሳይክለር የሚባለው ነፃ መሣሪያ ኮሮቹን አንድ በአንድ ይፈትናል፤ ሌሊት ተዉት። ጠዋት የትኛው ኮር እንደተሳሳተ ይነግራችኋል። ያን ኮር ብቻ በ5 መልሱት፣ ሌሎቹን ተዉ። ጽሑፍና ፎቶ የምታስቀምጡበት ኮምፒውተር ከሆነ ይህን ፈተና አትዝለሉ፤ ያልተረጋጋ ፕሮሰሰር ፋይልን በጸጥታ ሊያበላሽ ይችላል።

አልነሳ ቢል

አትደንግጡ። ብዙ ቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ራሳቸው ወደ ፋብሪካው ልክ ይመለሳሉ። ካልተመለሰ ገመዱን ንቀሉ፣ ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ አውጡ፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ መልሱ። “ክሊር ሲሞስ” የሚሉ ሁለት ፒኖችን በካቻቢቴ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ማገናኘትም ይሠራል። የገባው ሁሉ ይጠፋል፤ ኤክስኤምፒም ጭምር።

ሁሉም ከተስተካከለ ባዮስ ውስጥ ፕሮፋይሉን በስም አስቀምጡ፤ በሞባይልም ገጾቹን ፎቶ አንሱ። ባዮስ እንደገና ባደሳችሁ ቁጥር ቁጥሮቹ ይጠፋሉ፤ አንዳንዴ የተቀመጠውም ፕሮፋይል አብሮ ይሄዳል። አሮጌውን ፕሮሰሰር አዲሱ በመጣበት ፕላስቲክ ውስጥ አስገቡት። መሳቢያ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትጣሉት፤ ገዢ ሲመጣ መጀመሪያ ገልብጦ የሚያየው ፒኖቹን ነው።